ብርድ ነው ያልነው

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም ራሴን። ከተነሳሁ ጀምሮ ግንባሬን ጥፍር አድርጎ ይዞኛል። ሻይ ጠጣሁ፣ አልለቀቀኝም። አከራዬ ጋሽ ተስፋይ ብርድ ነው አሉ። ለእሳቸው ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ብርድ፣ ሆድ ሲነፋቸው ብርድ፣ የታክሲያቸው ባትሪ ሲሞት ብርድ። (የመጨረሻው እንኳ እውነት ነው።)

ትናንት ከሥራ ስመለስ የክፍሌን መስኮት በላስቲክ ሸፍነው፣ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ለጥፈው ጠበቁኝ። ከበሩ ሥር ፎጣ። ግድግዳው ላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ወትፈዋታል። ጓለይ፣ ከእንግዲህ ነፋስ አይነካሽም አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ከናዝሬቷ ይጠራል። ወደ ትግርኛ የሚዞሩት ሲራሩ ብቻ ነው።

አመሰገንኩ። ነፋስ የማይፈራ ሀበሻ የት አለ? በዚያ የናዝሬት ሙቀት፣ ሰው በላብ ተጠምቆ፣ አውቶቡስ ላይ መስኮት የከፈተ ምን እንደሚባል አንተ ደብተር ብትሆንም ታውቃለህ።

የቤቱ ማሞቂያ ተነሳ። በእኔና በእሳቸው ክፍል መሃል፣ ቁም ሳጥን በምታክል ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ ዱብ ይላል፣ ከዚያ ያቃስታል። አልወደውም። ልውጣ፣ አውቶቡሱ አይጠብቀኝም።

ታኅሣሥ 6፣ ዓርብ፣ ከሥራ መልስ

የራስ ምታቴ ነገር ግራ ነው። ኮልፋክስ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ መልቀቅ ይጀምራል። ሥራ ቦታዬ እንግልውድ ስደርስ የለም። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሽማግሌዎቹን አንሶላ ሳጥፍ ደህና ነኝ፤ አንጎራጉራለሁ እንኳ። ቤት ገብቼ ስተኛ ይመለሳል። ለእረፍት አልተፈጠርኩም ማለት ነው። እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር፤ ሰነፏ ልጇ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ተስፋይም እንደዚያው ናቸው። ኤርፖርት ደንበኛ አመላልሰው ሲገቡ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነው፤ ጠዋት ሲነሱ ግን የሚይዙትን አያውቁም። ታክሲዬ መድኃኒቴ ናት ይላሉ።

ዛሬ ጭልፋ ስፈልግ መሳቢያ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ነጭ ክብ ነገር አገኘሁ። ባትሪ የለውም። ምንድን ነው አልኳቸው። የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ነበር፣ ባለቤቴ ሽንኩርት አቁላልታ በርበሬ ጣል ባደረገች ቁጥር እየጮኸ ሰፈሩን ሲያስደነግጥብን አወረድነው አሉ። ሳቅን። ቁሌት የማይችል መሣሪያ! ጾም ስለሆነ ሽሮ ሠራሁ። ቤቱ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። የጮኸብኝ የለም።

ባለቤታቸውን ሲያነሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በሳቁ መሃል ፊታቸው ተለወጠ። ተነስተው መኪና ላሙቅ ብለው ወጡ።

ታኅሣሥ 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን አሁን ገባሁ።

ወ/ሮ አስቴር፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ፣ የት ነው የተከራየሽው አሉኝ። ጋሽ ተስፋይ ቤት፣ በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል አልኩ። «ውይ፣ የምህረት ክፍል!» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ ቢለምኗቸውም የሚደብቁ ሰው አይደሉም። ምህረት የጋሽ ተስፋይ ሚስት ነበሩ። ጋሽ ተስፋይ ስለሚያንኮራፉ እሳቸው በዚች ክፍል ነበር የሚተኙት። አምና፣ ልክ በዚህ ወቅት፣ ተኝተው ሳይነሱ ቀሩ። ሐኪም ልብ ነው አለ። ደህና ሴት፣ ማምሻውን በስልክ ሲያጫውቱኝ ነበር አሉ ወ/ሮ አስቴር።

እንግዲህ እኔ የምተኛው እሳቸው ያረፉበት ላይ ነው። አልጋው ራሱ ይሆን? አልጠየቅኩም። ጋሽ ተስፋይን ልቆጣቸው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ምን ብለው ይንገሩኝ አልኩ። ሚስቴ የሞተችባት ክፍል አለችኝ፣ ግቢባት?

ጸበል ረጨሁ። አራቱንም ማዕዘን፣ አልጋውን፣ ላስቲኩን። ዱብ አለ ማሞቂያው። ጮኽኩ። እውነቴን ነው፣ ጮኽኩ።

ይሄ ቤት አይወደኝም።

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

በረዶ። ጠዋት ሲጀምር እንደ ሰው ነበር፤ አሁን መንገዱንና ሰማዩን መለየት አይቻልም። ከሥራ በጊዜ አሰናበቱን። አውቶቡስ ሊቆም ነው ሲባል ጋሽ ተስፋይ ደወሉ፤ መጥተው ወሰዱኝ። ሀይዌዩ ላይ መኪኖቹ ሰው ጥሏቸው የሄደ ይመስላሉ፤ ሰዎቹ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ አይታይም። አንዱ መኪና ጎማው እየተንሸራተተ ወደኛ መጣ። ጋሽ ተስፋይ በትግርኛ አንድ ነገር አሉ፤ ጸሎት ይሁን ስድብ እንጃ። አለፈን።

መንገድ ላይ ሁለታችንም ደህና ነበርን። ወሬያቸው ይጣፍጣል። እኔ ሳወራ አዎ የሚሉት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ነው፣ እንደ አባቴ። ስለ እትዬ ምህረት ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ኤርፖርቱ ተዘጋ ይላል ቲቪው። ታክሲው በር ላይ ቆሞ እየተቀበረ ነው። ማሞቂያው አላቋረጠም።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

በሩ አልከፈት አለ። ገፋሁ፣ በረዶው ከውጭ ይገፋል። የትም የሚኬድ የለም፣ የሚነዳ የለም። ዝምታው ጆሮ ያማል።

ሁለታችንም ታመናል። ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ያቅለሸልሸኛል። ጋሽ ተስፋይ ሶፋው ላይ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ቀላ ብሏል፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ ይላሉ። ፈራሁ። በጤና መድን ካርዴ ጀርባ ባለው ስልክ ለምታማክር ነርስ ደወልኩ። ብርድ መታን ማለቴ ነበር። በኔ እንግሊዝኛ «ኮልድ፣ ዊ ሃቭ ኮልድ» ሆነ። በእነሱ ቃሉ ጉንፋንም ስለሆነ ጉንፋን ነው ብላ ተረዳችኝ፤ ገባኝ፣ ግን ያው ነው ብዬ አላረምኳትም። በዚህ በረዶ አትውጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሞቅ አድርጋችሁ ተኙ አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ አልኳት በአማርኛ።

ለጋሽ ተስፋይ ተረጎምኩላቸው። አላልኩም፣ ብርድ ነው! አሉ። ደስ አላቸው። እየተንገዳገዱ ተነስተው የሳሎኑንም መስኮት ለጠፉ። እኔ ፕላስተሩን እየቆረጥኩ አቀበልኳቸው። የማሞቂያውን ቁልፍ ጨመርኩት።

ታኅሣሥ 13፣ ዓርብ፣ ቀን

እጄ አይጽፍም። ተኝቼ ነበር፤ እንደገና እንቅልፍ። ብርሃን ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም።

ጋሽ ተስፋይ ምህረት ብለው ጠሩኝ። አቤት አልኩ። ለምን አቤት እንዳልኩ አላውቅም።

አስመለሰኝ። ይቺ ክፍል እሳቸውን ወሰደች፣ አሁን እኔን። ከበሩ ወጥቼ ልቁም። ቢያንስ እዚህ አልተኛም። ጫማዬ የት

ታኅሣሥ 15፣ እሑድ፣ ወ/ሮ አስቴር ቤት

አለሁ። ደብተሬ፣ አለሁ።

ከዓርብ ጀምሮ ልንገርህ። የወጣሁት ከእትዬ ምህረት ልሸሽ ነው፣ ሌላ ዕውቀት አልነበረኝም። የጓሮውን በር በትከሻዬ ገፍቼ በካልሲ በረዶው ውስጥ ገባሁ፣ እስከ ጉልበቴ። ቆምኩ። ተነፈስኩ። አለቀስኩ። ቆይቶ ቆይቶ ራሴ ለቀቀኝ። እንደ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ እንደ ታክሲው። ያኔ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ። ብርድ የመታው ሰው እንዴት ብርድ ውስጥ ቆሞ ይድናል?

ብርድ አይደለም። ቤቱ ነው።

ጋሽ ተስፋይን ጠራሁ፣ አይመልሱም። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። ፕላስተሩን በጥፍሬ፣ በጥርሴ። ላስቲኩ ተቀደደ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ በረዶ ቤት ውስጥ ገባ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ነፋስ… ነፋሱን ዝጊው» አሉ። መኖራቸውን ያወቅኩት በዚህ ነው። ላነሳቸው አልቻልኩም። በብብታቸው ይዤ እስከ በሩ ጎተትኳቸው። ለድንገተኛ አደጋ፣ ለናይን ዋን ዋን፣ ደወልኩ። ኮልድ አላልኩም። ሃውስ፣ ሃውስ ኢዝ ኪሊንግ አስ አልኩ። ቤቱ እየገደለን ነው። ከዚህ የተሻለ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ በረዶውን ጥሰው መጡ። አንደኛው የያዘው ትንሽ መሣሪያ ገና ደፉን ሲረግጥ መጮኽ ጀመረ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ተመልሰው ጭንብል አጠለቁ። በጋዝ የሚነደው የማሞቂያው ጭስ ነው አሉን፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰል ያፈናቸው ሰዎች ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እናቴ ማንደጃ ቤት ውስጥ አታሳድርም ነበር። ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ማንደጃ እንዳለ ግን ማን ነገረኝ?

እኔን ከሆስፒታል በማግስቱ ለቀቁኝ። ጋሽ ተስፋይ ገና እዚያው ናቸው፤ ልባቸው ተጎድቷል። ግን አውቀውኛል። ስሜን ጠሩ። ሰብለ አሉ።

ታኅሣሥ 17፣ ማክሰኞ

ማሞቂያ የሚሠራው ሰውዬ መጣ። ጋሽ ተስፋይ ቁልፉን ሰጥተውኝ አንቺ አሳዪው ስላሉኝ ሄድኩ። ሁሉም መስኮት ክፍት ነው፤ ቤቱ ውስጡ በረዶ ይዟል። ጓዳዋን ከፈተ። ጭሱን ወደ ጣራ የሚያወጣው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ በዝገት ተበልቶ ተላቅቋል። ጭሱ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ እኛ ነበር የሚሄደው።

በባትሪ ግድግዳውን አሳየኝ። በእኔ ክፍል በኩል ያለው በጥላሸት ጠቁሯል፣ ድርብርብ ነው። በጣቱ ጠረገው፤ ከሥሩ ሌላ ጥቁር። ይሄ የዘንድሮ አይደለም አለኝ። አምናም እንደዚህ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ሊሆን ይችላል። አምና እዚህ ማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

ከሄደ በኋላ ወደ ክፍሌ ገባሁ። የተቀደደው ፕላስተር መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። ልልጠው ስል ከሥሩ ሌላ ወጣ። አሮጌ፣ ቢጫ የሆነ፣ በጥንቃቄ የተለጠፈ። ያምናው። ለእትዬ ምህረት የለጠፉላቸው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ምህረትን ፈርቼ፣ ጸበል ረጭቼባቸው! አምላኬ ማረኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ተስፋይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ሾርባ ይጠጣሉ፣ ጨው የለውም ብለው ያማርራሉ። ደስ አለኝ። የማሞቂያውን ሰውዬ ጠየቁኝ። ቧንቧው ተላቅቆ ነው አልኩ።

ማንኪያውን አስቀመጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው አለ?»

«ዘንድሮ ነው አለ።»

ይቺ ናት ያወጣኋት ቃል። አላሰብኳትም፤ አፌ ላይ ነበረች። ጋሽ ተስፋይ እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው አዎ አሉ። የሆስፒታሉ ነርስ ትንፋሽ ያጠራቸው መስሏት እየሮጠች ገባች፤ ኦክስጅን ልታደርግላቸው ስትል አዎ ማለታቸው ነው ብዬ በግድ አስረዳኋት። ሦስታችንም ሳቅን።

ልወጣ ስል መስኮቱን እያዩ፣ «ምህረትም ጠዋት ጠዋት ራሴን ትል ነበር» አሉ። «ብርድ ነው እላት ነበር።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። የታሰረ ጫማ።

ለወ/ሮ አስቴር ነገርኳቸው። ዝም በይ፣ የሞተች አትነሳ፣ ልቡ አልቻለ፣ ልትገድዪው ነው እንዴ አሉኝ። እውነት አላቸው። ደግሞም የላቸውም። ሰውዬው እዚያ አልጋ ላይ ሆነው አምናን ቀን በቀን እያነሱ እየጣሉ ነው። ያውቃሉ። የጠየቁኝ ብቻቸውን እንዳያውቁት ነው። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ብዬ ብቻቸውን ተውኳቸው።

መስኮቱን የለጠፉት በፍቅር ነው ልበላቸው? ማንም ሀበሻ ያደርገዋል፣ የስልኳ ነርስም ተሳስታለች፣ እኔም ፕላስተር አቀብዬአለሁ ልበላቸው? ሁሉንም ሞከርኩት። ሁሉም ከመጀመሪያው ቃል በኋላ የሚመጣ ነው። መጀመሪያውን ካላልኩ ሌላው አይረዳቸውም።

ወስኛለሁ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ወንበሩን አልጋቸው አጠገብ ስቤ፣ እጃቸውን ይዤ፣ እንዲህ እላለሁ፦

ጋሽ ተስፋይ፣ ትናንት ዘንድሮ ነው ብዬዎት ነበር። አይደለም።