ተራ ቁጥር ስድስት፦ የሚማሩበት ምክንያት

ማክሰኞ

ዘጠኙም አመልካቾች አንድ ዓይነት መልስ ጽፈዋል። ቃል በቃል። በፋብሪካችን የትምህርት ድጋፍ ቅጽ ላይ ተራ ቁጥር ስድስት «የሚማሩበት ምክንያት» ይላል። ከሃያ አራት ዓመቱ ኤሌክትሪሺያን እስከ ሃምሳ አምስት ዓመቷ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ድረስ ሁሉም «የድርጅቱን ምርታማነት በላቀ ደረጃ ለማሳደግ» ብለዋል። «በላቀ ደረጃ» የምትለው እንኳ ከአንዱም አልቀረችም።

ምንጩን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ኤሌክትሪሺያኑ በረከት አምና የጸደቀለትን ቅጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለስምንቱም ልኮላቸዋል። ስጠይቀው አላፈረም። አምና የሠራ ነገር ዘንድሮ ለምን ይቀየራል አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ክምሩን መልሰውልኛል። የእያንዳንዱን እውነተኛ ምክንያት አጣርቼ እስከ ሐሙስ ማቅረብ አለብኝ። የማታ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቢሮዬ ማራገቢያ ቅጾቹን ሁለት ጊዜ በተናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተንበርክኬ ሰበሰብሁ። የሥልጠና ባለሙያ ነው የሥራ መደቤ።

ረቡዕ

አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ለራሴ ብቻ የያዝሁት ይህ ነው።

በረከት፣ ሃያ አራት። ዲግሪውን በያዘ ማግስት ይለቃል። ፊት ለፊት ነገረኝ። ውል እንዳለበት ሳስታውሰው፣ ዕዳውን ቀጣዩ ቀጣሪዬ ይከፍልልኛል አለ።

የሒሳብ ክፍሏ ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት። «ትምህርት ላይ ነኝ» ስትል እናቷ ስለ ጋብቻ አይጠይቋትም።

የጥበቃው አብዱላሂ፣ አርባ አራት፣ ከመልካ ጀብዱ የሚመላለስ። እሱም ሦስተኛ ልጁም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ልጁ ቀድሞኝ ካለፈ ቤት አያስገባኝም ይላል።

ወይዘሮ ዘሃራ፣ ሃምሳ አምስት፣ ማሸጊያ ክፍል፣ የሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጡት። ቅጹን ይዤ «እርስዎ» እያልሁ ስጠይቃቸው ጥቂት ታገሡና «አቦ፣ አንቺ በይኝ። እዚህ አገር እርስዎ የሚባለው ሊከሰስ የቀረበ ሰው ነው» አሉኝ። አልቻልሁም፤ ልማድ ነው።

ምክንያታቸውን እንዳሉት ጻፍሁት። «ባሌ ሲሞት የቤቱን ወረቀት ወንድሞቹ አነበቡልኝ። ፈረምኩ። ለካ ሁለቱን ክፍል ፈርሜ ሰጥቻቸዋለሁ።» ሌላ አልጨመሩም። ፊደል ይለያሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ረጅም ነገር ግን መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል።

የሚፈልጉት ክፍያም አይደለም። ክፍያውን ራሳቸው ይችሉታል። የሚፈልጉት የጠዋቱ ፈረቃ ብቻ ነው። ማሸጊያ ክፍል አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ አምስት ይሠራል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የሥራ ሰዓታቸው የማይጋጭ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልቀረበለት አይመዘግባቸውም።

ደንባችን ግን የክፍያ ድጋፍንና የፈረቃ ለውጥን በአንድ አንቀጽ አስሯቸዋል፦ ድጋፍ ያገኘ ሠራተኛ የተማረበትን ጊዜ እጥፍ ያገለግላል። ወይዘሮ ዘሃራ ስምንተኛን እስኪጨርሱ አራት ዓመት፣ ከዚያ ስምንት ዓመት አገልግሎት። ጡረታቸው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። አያሟሉም። በረከት ግን ያሟላል።

አንቀጹን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ተምረው የሚሄዱ ወጣቶችን ይይዝልናል ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። የሚቀሩትን ነው የያዘው።

ሐሙስ

ለሥራ አስኪያጁ የፈረቃ ለውጥ ከክፍያ ድጋፍ እንዲለይ ሐሳብ አቀረብሁ። ለአንዷ ከተፈቀደ ሁሉም ይጠይቃል አሉ። የማሸጊያው ሥራ እንደማይጎዳ በጽሑፍ ካላሳየሁ አይሰሙኝም። እስከ ነገ ጠዋት።

ወደ ማሸጊያ ክፍል ወረድሁ። የክፍሉ ኃላፊ ማን በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ ስጠይቀው እሱ የሚቆጥረው ካርቶን እንጂ ፊት እንዳልሆነ ነገረኝ። የስም ዝርዝር ተቀብዬ የማሽኑ ሙቀት ባለበት አንድ ጥግ ተቀምጬ የፈረቃ ሰንጠረዥ መሥራት ጀመርሁ። አሥራ ስድስት ሴቶች፣ ሁለት ፈረቃ። የአንዷን ቦታ ስቀይር ሌላዋ ትጎድላለች። ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀያየር፣ የወይዘሮ ዘሃራን ቦታ የምትረከበው ከዲጃ ከላዬ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ምን ትደክሚያለሽ? እኛ እኮ ከጨረስነው ወር ሆነን።»

ምኑን ብዬ ጠየቅሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም። ወይዘሮ ዘሃራ የከሰዓት ተራቸው ሲደርስ ከዲጃ በእሳቸው ስም ፈርማ ትገባለች፤ እሳቸው ደግሞ ጠዋት በከዲጃ ስም። ወይዘሮ ዘሃራ አንድ ወር ሙሉ፣ ሳይመዘገቡ፣ በመምህሯ ፈቃድ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። ከሰኞ ጀምሮ ግን ያልተመዘገበ አይገባም ተብለዋል።

በሌላ ሰው ስም መፈረም በእኛ ደንብ ከሥራ ያሰናብታል። ከዲጃን ይህን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር አልኋት።

«ጠየቅሽ፣ ነገርኩሽ። ወላሂ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትማሪ ጆሮ መድፈን አላስተማሩሽም?»

አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወይዘሮ ዘሃራ አልሳቁም። እኔን ያዩኝ ነበር።

ዓርብ

ያሉኝን መንገዶች ዘርዝሬ አሰብሁ። ሪፖርት ካደረግሁ ሁለት ሴቶች ይባረራሉ። ዝም ካልሁ የማውቀውን ጥፋት የደበቅሁ የሰው ኃይል ሠራተኛ እሆናለሁ። የሚያናድደው፣ ለውጡ ሥራ እንደማይጎዳ ካለኝ ማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ጥፋት መሆኑ ነው። አንድ ወር ሙሉ ተሞክሮ ሠርቷል።

የክፍሉን ኃላፊ የሁለት ወር የካርቶን ቆጠራ ለመንሁት። ያለፈው ወር ከቀደመው አላነሰም። የሚከተለውን ጻፍሁ፦ «ከዲጃና ዘሃራ ፈረቃ ለመለዋወጥ ተስማምተዋል። ለውጡ ምርቱን እንደማይቀንስ ከክፍሉ መዝገብ መረዳት ይቻላል።» ሐሰት የለበትም። ሁሉም ነገር ግን አልገባበትም። አምስት ጊዜ አነበብሁት፤ አምስቱንም ጊዜ ደስ አላለኝም።

ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው ያነባሉ ብዬ አልጠበቅሁም፤ አነበቡ። የእጥፍ አገልግሎቱን አንቀጽ ማን እንዳረቀቀው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልሁ። ቀና ብለው አዩኝና ፈረሙ፤ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ። ደብዳቤው ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ወይዘሮ ዘሃራ የፈረቃ ለውጡን ስምምነት ከፈረሙ በኋላ ነው።

የሌሎቹ ስምንቱም ጸድቋል። የበረከት ምክንያት አሁንም «በላቀ ደረጃ» ይላል፤ አልቀይርም አለ፣ ተዪው ተባልሁ።

ቅዳሜ

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ዘሃራ ቢሮዬ መጡ። ስምምነቱ አሥራ አንድ መስመር ነው፤ በሁለት ቅጂ፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ከሥሩ አለ። ጊዜ እንዳይሄድ ላንብብልዎ አልኋቸው። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ወደ ራሳቸው አዞሩት።

ማንበብ ጀመሩ። ጣታቸው በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይቆማል። «በተጠቀሰው» የሚለው ላይ ብዙ ቆዩ። ሦስት ጊዜ ልረዳቸው አፌን ከፈትሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጣታቸውን ሳያነሡ በሌላ እጃቸው ዝም አሰኙኝ። ሰዓቴን አያለሁ። አራት ሃምሳ። አምስት ከአሥር።

ሲጨርሱ ቀና አሉ። «ሴሚስተሩ ሲያልቅስ?»

አልተወሰነም አልሁ።

«አልተወሰነም ወይስ አልጻፍሽውም?»

ሁለቱም ነው አልሁ።

«እንግዲያው ጻፊው። ከእኔ ጋር ሳትነጋገሩ አትመልሱኝም ብለሽ ጻፊ።»

ሥራ አስኪያጁ በፈረሙበት ወረቀት ላይ በእጅ መጨመር እንደማይቻል አስረዳኋቸው። በሚገባ አስረዳኋቸው፤ ሥርዓቱን፣ ሥልጣኑን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ምዝገባው ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤ እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

ጻፍሁት። «ከሴሚስተሩ በኋላ የሚደረግ የፈረቃ ለውጥ ከሠራተኛዋ ጋር በመነጋገር ብቻ ይወሰናል።» በሁለቱም ቅጂ ላይ። ይህችንም መስመር በጣታቸው አነበቧት። ከጎኗ እሳቸውም እኔም ፈረምን። አንዱን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አጥፈው ጉያቸው አስገቡ፤ ከበሩ ፊት የቆመው ባጃጅ ይዟቸው ሄደ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከዲጃ ደወለች። ተመዝግበዋል።

ሰኞ ጠዋት የጨመርሁትን ለሥራ አስኪያጁ ራሴ ይዤ እገባለሁ። ምን እንደሚሉ አላውቅም። አንዷ በሌላዋ ስም የመፈረማቸውን ጉዳይ ከጠየቁኝም ምን እንደምመልስ ገና አልጻፍሁም። እኔ ጋ ያለውን ቅጂ ቀድደው ሊጥሉት ይችላሉ፤ ሌላው ግን ወይዘሮ ዘሃራ ጋ ነው፣ አንብበውታልም።