አረንጓዴው መጋረጃ

እሑድ፣ ኅዳር 7

እማዬ ዛሬ ከላፍቶ ጀሞ ድረስ መጣች። ቤቴን እየቀረጽኩ ገጼ ላይ መልቀቄን አትወድም፤ «ሰው ዓይን ውስጥ ትገቢያለሽ» ትለኛለች። ስለዚህ እሷ ስትመጣ ስልኬን ሶፋ ሥር እደብቃለሁ፣ ትልቅ ሴትዮ ሆኜ!

ዛሬ ገና ከመግባቷ ሳሎኑን ቃኘችና፣ «ያ አረንጓዴ መጋረጃ የት ሄደ? ቤቱን አድምቆት ነበር» አለችኝ።

መጋረጃውን ለአንድ ቪዲዮ ብዬ ከጎረቤቴ ተውሼ በማግሥቱ መልሼዋለሁ። እማዬ ያን ሰሞን ደጄን አልረገጠችም።

ዞር ብዬ አየኋት። እሷም ቶሎ ብላ ስለ በርበሬ መወደድ ማውራት ጀመረች።

ስትሄድ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ፎቶ የሌላት አንዲት ተከታይ፣ «ልጄ፣ ከዓይን ያውጣሽ» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ የእኔ መልስ አለ፦ «አሜን፣ እማማ። ባላውቅዎትም እንደ እናቴ ነዎት።»