ለጸሎት የሰጠሁት ስም

አሰላ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ ወልደጻድቅ፣ የአቦምሳ ሙቀት ካላቀለጠህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ሲስተር «የታመመባችሁ ማን ነው?» ይሉና ለሰጠናቸው ስም ያስጸልያሉ። እኔ የዘበኛውን አህያ «አበጋዝ» ብዬ ሳምንት ሙሉ አስጸለይኩለት! የሚያውቁት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው።

ትናንት ግን የእማዬን ስም ሰጠሁ። «ጥሩነሽ ደግሞ የማን በግ ናት?» አለች ጓደኛዬ በቀለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲስተር ዓይኔን አይተው ሁላችንንም አንበረከኩን። ልጆቹ ቅጣት መሰላቸው።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ተኝታ ነው ያጻፈችኝ። ስቀልድባት በኩርኩም መታችኝ። ድሮ ጆሮዬን ያስጮኸው ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ አላመመኝም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተውና በቅዳሜው መኪና ና። እስክትደርስ እግዜር ሁላችንንም ያቆየን።

አስቸጋሪዋ እህትህ፣ አባይነሽ