ስማቸው የጠፋ ገብሶች

ጥቅምት 4
ከወፍጮ ቤት የመጣ ኮምፒውተር። ውስጡ ዱቄት ብቻ። በብሩሽ ጠረግሁት፣ ራም የሚባለውን ሚሞሪ አውጥቼ በላጲስ ፈገፈግሁት፣ መልሼ ሰካሁት… ተነሣ። አለቃዬ ሙላቴ ከጠረጴዛው ማዶ አየኝና «አሁን ገና እጅሽ ተፈታ» አለኝ። ማሞገስ አይወድም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ጥገና ቤቱ ከገባሁ ሁለት ወር ከአሥር ቀን። የጸሐፊነት ኮንትራቴ ሲያልቅ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ካቻቢቴ እጨብጣለሁ ብዬ መቼ አስቤ…

ጥቅምት 9
መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ሙላቴ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ወረደ። ብቻዬን ነኝ።

ከሰዓት ጋሼ ይሻው የሚባሉ ሰው ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ። ላፕቶፑ ሊጀምር ይልና መልሶ ይጠፋል። ውስጡ ምን አለ አልኳቸው። የጉና ተራራ ገብስ! አሥራ አንድ ዓመት ቀበሌ ለቀበሌ ዞረው ያነሡት ፎቶ። በሰንጠረዥ ደግሞ የእያንዳንዱ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ የዘሩ ባለቤት። «አንዳንዱን ዛሬ የሚዘራው የለም» አሉ።

ሲወጡ ከበሩ ተመለሱ። «ልጄ፣ ፋይሉን አደራ።»
«ችግር የለም ጋሼ። ነገ ይውሰዱ።»
ለምን ነገ አልኩ? ማን አስቸኮለኝ?

ጥቅምት 10
አጠፋሁት።

መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ተጣደፍኩ። ፋይሉን ኮፒ ሳላደርግ ዊንዶውስ መጫን ጀመርኩ። ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ማጥፋት የነበረብኝ አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም አጥፍቼ አንድ አደረግኋቸው። ሲያልቅ ከፈትኩት… ባዶ። እንደ አዲስ ደብተር።

ጥቅምት 11
ትናንት አልመጡም፤ ዛሬ በጠዋት መጡ። ከአፌ የወጣው ይኼ ነው፦ «ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቶ ነው የመጣው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ምንም አልተረፈ?» «ምንም።» ተነሡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የኔ ልጅ። ለፋሽ። እግዜር ይስጥሽ።» ላፕቶፑን ትተውት ሄዱ። ለመለዋወጫ ይሁንሽ ብለው።

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 12
ላፕቶፑን ጨርቅ አልብሼ መደርደሪያው ላይ አወጣሁት።

ጥቅምት 14
ሙላቴ ተመለሰ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነገርኩት። አልጮኸም።
«ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አበራሽው?»
«አንዴ።»
«ሌላ የጫንሽበት ነገር አለ?»
«ከዊንዶውሱ በቀር የለም።»
«እንግዲያ አትንኪው። የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም። ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው የሚሞተው።»

ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሣ። እኔ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አየሁ፤ ሁለት ከመቶ… ሦስት ከመቶ። መብራት ሄደ። ከመጀመሪያው እንደገና።

ጥቅምት 16
ፎቶዎቹ ወጡ! ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም። ዛላው፣ ፍሬው፣ ገበሬው እጅ ላይ የተያዘው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሰንጠረዡ ግን የለም። እሱ የነበረው ዊንዶውሱ ባለበት በኩል ነው፤ እኔ አዲሱን የጫንኩት በላዩ ላይ። ሙላቴ ሦስት መንገድ ሞከረና እጁን አነሣ። የፎቶዎቹም ስም ተፍቋል፤ ቁጥር ብቻ። ስድስት መቶ ምናምን የገብስ ፎቶ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ማን ይነግራቸዋል?» አልኩ።
ሙላቴ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሞተ ያላቸው ማነው?»

ጥቅምት 18
ቤታቸው ሄድኩ። ግቢ አሉኝ፣ አልገባሁም። ቆሜ ነገርኳቸው። ዲስኩ አልሞተም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ፎቶው ተገኝቷል፣ ስሙ አልተገኘም። ፎቶዎቹን የጫንኩበትን ፍላሽ ዘረጋሁላቸው።

ድምፃቸው ሳይነሣ፦ «ያልሞተ ሰው መርዶ ነገርሽኝ።»

ፍላሹን ተቀበሉና በሩን ዘጉ። ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ጥቅምት 25
ሁለት ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ። አንድ ፕሪንተር። አሁን ኮፒ ሳላደርግ ምንም አልነካም። ሙላቴ አበዛሽው አለኝ። ይብዛ።

ኅዳር 3
ጋሼ ይሻው ጥገና ቤት መጡ። እንዴት ዋልህ ያሉት ለሙላቴ ነው።
«ስም የሌለው ፎቶ አይጠቅመኝም» አሉ ወደኔ ዞረው። «ገብሱ ሳይታጨድ ጉና እወጣለሁ። የገበሬዎቹ ስም በአሮጌ ደብተሬ አለ፤ የገብሱ ግን የለም። ፎቶውን ለባለቤቶቹ እያሳየሁ እጠይቃለሁ። ዓይኔ ግን ደክሟል። ትጽፊያለሽ?»
«እጽፋለሁ።»
«ብርድ ነው።»
«እጽፋለሁ ጋሼ።»
ሙላቴ አራት ቀን ፈቀደልኝ። አንድ ትርፍ ባትሪም ሰጠኝ።

ኅዳር 8
እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ዲስኩን መልሼ የገጠምኩበትን የጋሼን ላፕቶፕ እንዳይበርደው በጋቢ ጠቅልዬ ተሸከምኩት… ሰው ቢያይ ሕፃን ይመስለዋል።

መጀመሪያ እማማ ዓለሚቱ ዘንድ። ከሰባ ያለፉ ናቸው። ጋሼን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ፤ «ሞተዋል ብለውኝ!» ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን አጠበቡ።
«እስቲ ገልብጪልኝ።»
«አይገለበጥም እማማ፣ ፎቶ ነው።»
«ፍሬውን ሳላሸው እንዴት ልወቀው?» ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ይኼማ ሰነፍ ቆሎ ነው። ሰነፍ ሴት እንኳ ትቆላዋለች፤ ገለባው ራሱ ይለቃል። የኔው ማሳ ነው፣ ያ ድንጋዩ ይታያል!»

ባዩ የሚባል ጎረቤታቸው የለም፣ ለጠላ የሚሆነው ጠመዥ ነው ብሎ ተከራከረ። «አንተ የምታውቀው ጠላውን ነው!» አሉት። ጋሼ ይሻው ሳቁ። ከጥቅምት 18 ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

ጻፍኩ። በእርሳስ፣ በደብተር። እስክርቢቶው በብርዱ እምቢ አለ።

ኅዳር 10
አንድ ጥቁር ገብስ አለ፣ ዛላው አጭር። ዘሩን የያዙት ዓለምነው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው ስንደርስ ልጃቸው ወጣ። ባለፈው ክረምት አርፈዋል። እሱ ደግሞ የሚዘራው ድንች ነው። ፎቶውን አሳየሁት፤ አባቱ እጅ ላይ የተያዘ ዛላ። ስሙን አያውቅም። እጁን ብቻ አወቀ። «የአባቴ ጣት ነው» አለ።

ጋሼም አያስታውሱትም፤ ያን ስም የያዙት ዓለምነውና ሰንጠረዡ ብቻ ነበሩ። ሰንጠረዡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይኼን የሚመልስ ፕሮግራም የለም።

ጋሼ ደብተሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጻፉ፦ «ስሙ የጠፋ። የዓለምነው ገብስ።» ሲመልሱልኝ «በርዶሻል፣ ጋቢውን ለራስሽ አድርጊው» አሉኝ።

ኅዳር 11
ተመለስን። በስድስት መቶው ፎቶ ላይ ካሉት አርባ ሦስት ዓይነቶች ሠላሳ ሰባቱ ስም አገኙ። አምስቱን የሚያውቁ ከጉና ወዲያ ማዶ ናቸው ተባለ። አንዱ የዓለምነው ነው።

ታኅሣሥ 15
ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ጽፌ ጨረስኩ። አንዱ ላፕቶፑ ውስጥ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ በወረቀት ታትሞ ጋሼ ቤት። ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አነበቡት። ሁለት የፊደል ስህተት አገኙብኝ። ደስ አላቸው መሰለኝ።

የካቲት 6
የጋሼ ጉልበት እምቢ አለ። አስጠሩኝና በእጃቸው የጻፉትን አሮጌ ደብተር ሰጡኝ፤ የገበሬዎቹ ስምና የመንገዱ ምልክት ያለበት፣ ሌላ ግልባጭ የሌለው። «አምስቱን አንቺ ጨርሻቸው። ገብሱ ታጭዷል፤ ከጎተራ እያወጡ ያሳዩሽ።»
«ጋሼ፣ መጀመሪያ ፎቶ ላንሣው?»
«አንሺው እንጂ!»
እያንዳንዱን ገጽ አንሥቼ ነው የወጣሁት።

የካቲት 9
ማዶ ደረስኩ። ብቻዬን። አንዲት ሴት፣ ፈንታነሽ የምትባል፣ ከበራፏ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።
«ከግብርና ነሽ?»
«የለም፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ።»
«ታዲያ ገብስ ምን አገባሽ?»

መንገድ ላይ ሳስበው የመጣሁት ሌላ መልስ ነበር። ጋሼ ይሻው ልከውኝ ነው ማለት ይበቃ ነበር፤ ውሸትም አይደለም።
«የሰው አደራ ነበር፤ አጠፋሁት» አልኳት። «እሱን እየሰበሰብኩ ነው።»

መልሳ አየችኝ። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችልኝ።
«እንግዲያ ቆመሽ አይሆንም። ግቢ፣ ጎተራው በጓሮ ነው።»

ሁለቱን ታውቃቸዋለች። ሦስት ቀሩ።