የአባትሽ ተውኔቶች ካርድ

ከሚሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአፍናን፤ አሰላሙ ዓለይኩም። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አክስትሽ የአባትሽን ተውኔቶች መመዝገብ ትታለች ብሎ የነገረሽ ሰው ዋሽቷል። አሥራ አንዱም ከነትርጉማቸው በየካርዳቸው ሰፍረዋል። የቀረኝን አንድ የኦሮምኛ ትርጉም ጨፋ ሮቢት ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት አገኘሁት። የመምህሩ ሚስት ግን "እሜቴ፣ ደግሞ መጡ?" ብላ ሳቀችብኝ። ለእንግዳ እንዲህ ይባላል?

ከዚያ የባሰውን ስሚ። ካርዶቹን በፊደል ተራ የምትደረድርልኝ የጎረቤቴ ልጅ ሳሚያ ያንኑ ትርጉም ሦስት ጊዜ መዝግባ አገኘኋት። "እኛ ስንማር ለእንዲህ ያለው ስሕተት መዳፋችን በማስመሪያ ይጠበጠብ ነበር!" ብዬ ጮኽኩባት።

"ወላሂ እማማ አሻ፣ እኔ እንዲህ አሳምሬ መጻፍ ብችል ምን ነበረ!" አለችኝ። "የአንቱ እጅ ነው።"

እንደ ልማዴ በየካርዱ ጀርባ ቀን ጽፌአለሁ፦ ኅዳር 2፣ ኅዳር 5፣ ኅዳር 9። በሦስቱም ላይ "ዛሬ ተገኘ" ይላል። ታዲያ ይህች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች እንዴት ዝም ትላለች? የዛሬ ልጆች ኃላፊነት አያውቁም።

ለዐረፋ መጥተሽ ካርዶቹን ተረከቢኝ፤ ሣጥኑ ቤቱን አጣቦብኛል። አትዘግዪ።

አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ነገ በማለዳ ሁለቱን ትርፍ ካርዶች ቀድጄ እጥላለሁ፤ ቀጥዬ ሳሚያን አውፍ በይኝ፣ በከንቱ ጮኽኩብሽ እላታለሁ። ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊትም ይህን ደብዳቤ ከአሁን ቀደም ልኬልሽ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

አክስትሽ አሻ