ለአርባ ሺህ ዓሦቻችን የሐኪም ፈቃድ ለጠየቁን ክብርት ኃላፊ

ለተከበሩት ወይዘሮ ሎሬና ዊትኮም፣
የብራንደልዌይ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ አከፋፋይ ድርጅት የደንብ ማስከበሪያ ክፍል የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየማለዳው «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እየተመለከትነው ነው» እያለ ሳይሰለች ለመለሰልኝ ትሑት ኮምፒውተርዎ ሙሉ ጤና ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ዬን ጂንቱ እባላለሁ፤ በቺጉ ባሕር ዳርቻ ሬዲዮውንም፣ የሩዝ ማብሰያውንም፣ የመጣልኝን ሁሉ ስጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ፤ በግል የላክሁልዎት አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች እርስዎን የማየት ዕድል ስላልገጠማቸው፣ ሃያኛውን ምናልባት አንድ ደግ ሰው አንብቦ ይነግርዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቄ ጀርባ የጎረቤቴ የእትዬ ቦንግቺ የዓሣ ኩሬ አለ። እትዬ ቦንግቺ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ኩሬውን ብቻቸውን ይዘው፣ ዘንድሮም አርባ ሺህ የሳባሂ ዓሣ ጫጩት ጨመሩበት። ልጆቻቸው ከታይፔ እየደወሉ «እማ፣ ይብቃሽ፤ ኩሬውን ለፀሐይ ኃይል ሰዎቹ አከራይተሽ እረፊ» ሲሏቸው፣ «ይቺ አንድ ወቅት ትውጣልኝ። ከቀናኝ እቀጥላለሁ፤ ካልቀናኝ እናንተ እንዳላችሁ ይሁን» ብለው ቃል ሰጥተዋል። እንግዲህ የሴትዮዋ ዕጣ በዚያች ኩሬ ላይ ነበር።

በኩሬው ውስጥ አየር ሲያጥር ዓሣው ይታፈናል፤ አየሩን እየለካ ውሃ የሚቀዝፉትን ጎማዎች የሚያስነሣ አንድ ሳጥን አለ። በሰኔ መጀመሪያ መብረቅ ወረደና የሳጥኑን ቺፕ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የምታንሰውን ነገር፣ አቃጠላት። ጎማዎቹ ሌት ተቀን ይዙሩ እንዳይባል ሞተሩ አይችልም። ስለዚህ እትዬ ቦንግቺ ከነጉልበት ሕመማቸው ወንበር አውጥተው ኩሬው ዳር ተቀመጡ፣ በእጃቸው እያበሩ ሊያጠፉ። እኔም የድርጅትዎን ማስታወቂያ አምኜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «አይዞዎት እትዬ፣ በአምስት ቀን ቺፑ እጄ ይገባል፤ ሰው አይደለሁም እንዴ!» አልኳቸው። ያቺን ቃል ያወጣ አፌን ዛሬ ቢሰፉልኝ ደስ ባለኝ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቺፗን አገር ስላሳያችኋት አመሰግናለሁ። የተሠራችው ካውሹንግ ነው፤ ከሱቄ በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። መጠባበቂያ ጨምሬ ሦስት ፍሬ ልገዛ ፋብሪካው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ጥበቃው ሻይ ጋብዞኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ እኛ የምንሸጠው ለአከፋፋይ ነው፤ እሱም ከሦስት ሺህ ፍሬ በታች አይገዛም። ሦስት ፍሬ? ሦስትማ መጥረጊያችን ይዞት የሚሄድ ነው!» ብሎ እየሳቀ ሸኘኝ። ስለዚህ የጎረቤቴን ልጅ የመሰለች ቺፕ ውቅያኖስ ተሻግራ እናንተ መጋዘን ትገባለች፣ ከዚያም ወደ ትውልድ አገሯ ለመመለስ የእርስዎን በጎ ፈቃድ ትጠብቃለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ። ከትዕዛዙ ጋር «ዕቃው ለምን አገልግሎት ይውላል?» የሚል አንዲት ጠባብ ቦታ ነበረች። ምራቴ ጂያሩ «አባባ፣ ‹ለጥገና› ብለው ይለፉት፤ ወሬ አያብዙ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሰው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ብዬ፣ «ትንፋሽ አጥሯቸው እንዳይሞቱ አየር ለመስጠት» ብዬ ሞላሁ፤ እነማን እንደሆኑ ለመጻፍ ቦታው አልበቃኝም። ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፤ ከእናንተ ያገኘሁት ፈጣን መልስ እሱ ብቻ ነው። ቺፗ የሰው ሕይወት ለሚያቆዩ የሕክምና መሣሪያዎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንደማትሸጥ፣ ትዕዛዙም መታገዱን ገልጾ፣ የሆስፒታሉን ስም፣ የሚቆጣጠረውን ሐኪምና የታካሚዎቹን ብዛት እንድልክ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሹመቴ። እኔም በትሕትና፣ ታካሚዎቹ ዓሦች መሆናቸውን፣ ቁጥራቸውም አርባ ሺህ እንደሆነ ጻፍኩ። ባልደረቦችዎ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ቁጥሯን ብቻ ለቅመው ወሰዱ መሰለኝ፣ በማግሥቱ የሽያጭ ክፍላችሁ «ተቋምዎ ወደ ታላላቅ የጤና ድርጅቶች ማዕረግ ከፍ ብሏል፤ እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ጻፈልኝ። የእናንተ አንዱ ክፍል ሲያግደኝ ሌላው ሲሸልመኝ ዋለ ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ድምፁ ያማረ ወጣት ደወለና ጂያሩ እየተረጎመችልኝ ተነጋገርን። «ዶክተር ዬን» እያለ ስንት አልጋ እንዳለን ጠየቀኝ። አልጋ የለንም፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ናቸው አልኩት። እሱም «የውሃ ሕክምና! እጅግ ዘመናዊ ነው!» አለ። ጂያሩ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ ያን ቀን ስቄአለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ዕድሜ። የታካሚዎቹን አማካይ ዕድሜ ስትጠይቁ ሁለት ወር ብዬ መለስኩ። እውነት ነው፣ በሚያዝያ ገቡ። እናንተም ፋይሌን ወደ ሕፃናት ሕክምና አዛውራችሁ የአሳዳጊ ፊርማ ጠየቃችሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ስሰማ የኖርኩት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱን ይዤ እትዬ ቦንግቺ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ከሳቁ በኋላ «ያበላሁ እኔ፣ ያሳደግሁ እኔ! ሌላ እናት ከየት ሊያመጡላቸው ነው? አምጣው!» ብለው ከወገባቸው ቦርሳ የእንጨት ማኅተማቸውን አውጥተው በቀይ ቀለም አተሙበት። በሳምንቱ ተመለሰ፤ ማኅተም ፊርማ አይደለም ተባለ። «በዚህ ማኅተም ተድሬ፣ በዚህ ማኅተም መሬቴን አስመዝግቤ፣ ባሌን በዚሁ ቀበርኩ። ጥፍር ለማታህል ብረት አነሰቻቸው? እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው እናንተ!» አሉኝ፤ እኔን ከእናንተ ወገን ቆጥረው። መቼም እንዲያ ቢሉኝ አልፈርድባቸውም።

አምስተኛ፣ የታካሚዎቹን ፎቶግራፍ፣ ለክብራቸው ሲባል ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ እንድልክ ጠይቃችሁ ነበር። አንድ ሳባሂ አጥምጄ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌ፣ አንስቼ ላክሁ። «የታካሚው ማንነት ተጠብቋል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደረሰኝ።

ስድስተኛው ላይ ስደርስ ክብርት ሆይ፣ ቀልዱ ያልቅብኛል። ቺፗን ባዘዝኩ በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወጥታ ምድሩን እንደ ድስት አፈላችው። እትዬ ቦንግቺ ያን ሁሉ ቀን ሲጠብቁ ኖረው፣ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የተኙት ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ጩኸታቸውን ሰምተን ስንወጣ ኩሬው ሙሉ አፍ ሆኗል፤ ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው አየር ይጎርሳሉ። ጎማውን አስነሣን፣ ሰፈሩ ሁሉ መረብ ይዞ ገባ፤ አልደረስንም። ከግማሽ በላዩ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። የተረፈውም ውሃው ስለተበላሸ ሳያድግ ወጥቶ ለትልልቅ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች የመንጠቆ ማባበያ ሆኖ ተሸጠ። ማታ እትዬ ቦንግቺ ሁለት ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ሱቄ መጡ። «ያንተም ልፋት አለበት። ብላ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ በተሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እስከ ዛሬም በኩሬው በኩል አላልፍም፤ በጨው ማሳው ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

ሰባተኛ፣ በማግሥቱ «ታካሚዎቹ ሞተዋል፤ ትዕዛዙን ሰርዙልኝ» ብዬ ጻፍኩላችሁ። አሠራራችሁ ምን ያህል ሥርዓት ያለው እንደሆነ ያን ዕለት አደነቅሁ። ታካሚ ከሌለ ሕይወት የማቆየት ነገር የለም፤ ሕይወት የማቆየት ነገር ከሌለ ክልከላ የለም፤ ስለዚህ በሃያ ስድስት ቀን ያልተፈቀደው በሦስት ሰዓት ውስጥ ተፈቅዶ ቺፗ ተላከች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ካርቶኑ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚያስገባ ነበር። በውስጡ ሌላ ካርቶን፣ በውስጡ የተጨማደደ ወረቀት፣ እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች፣ ዕቃው እርጥበት እንዳልነካው የምትመሰክር ካርድ፣ በመጨረሻም ካዘዝኳቸው ሦስት አንዷ ቺፕ ተገኘች። እትዬ ቦንግቺ ካርቶኑን ለድመታቸው ወስደዋል፤ ድመቷ ተመችቷታል።

ከካርቶኑ ጋር ለመጣው መጠይቅም መልስ ልስጥ። «ድርጅታችንን ለወዳጅዎ ይመክራሉ?» ይላል። ያሉኝ ወዳጆች ጥቂት ስለሆኑ ማጣት አልፈልግም።

ካሣ አልጠይቅም፤ ቅጽ እንዳታስሞሉኝ እፈራለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእትዬ ቦንግቺ በእጅዎ ሁለት መስመር ይጻፉላቸው፤ የሞቱት ዓሦች እንደነበሩ፣ ዓሦቹም የእሳቸው እንደነበሩ ማወቅዎን ብቻ ይንገሯቸው። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አንብቦት ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋ ዛሬም ኩሬያቸው ዳር ነበሩ። ይህ ያናድደኛል፤ በጣም ያናድደኛል።

ሳይማር በእናንተ ቸርነት ዶክተር የተባለው፣ አንድም አልጋ የሌለው የታላላቅ የጤና ድርጅቶች ባለማዕረግ፣ ትዕግሥትን ከድርጅትዎ የተማረው ትሑት ደንበኛዎ፣
ዬን ጂንቱ፣ የሬዲዮና የሩዝ ማብሰያ ጠጋኝ፤
ቺጉ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ እትዬ ቦንግቺ ለልጆቻቸው የሰጡትን ቃል አክብረው፣ ባለፈው ማክሰኞ ኩሬውን ለፀሐይ ኃይል ድርጅቱ አከራዩ፤ ውሃው ተመጥጦ ወጥቷል፣ ብረቱም እየተተከለ ነው። የድርጅቱ ወጣት መሐንዲስ ሱቄ መጥቶ፣ ለመሣሪያቸው ያቺው ቺፕ እንደምታስፈልግ ነግሮኝ፣ ቶሎ የሚያቀርብ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእናንተን አድራሻ በደስታ ሰጠሁት። አንድ ምክር ብቻ ጨመርኩለት፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ «ነፍስ ያለው ነገር አይጠቀምበትም» ብለህ ጻፍ አልኩት። ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ደረሰለት።