ሰማዕት ያልሆነው ወንድማችን

ይድረስ ለእትዬ፣ ደልሂ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ብርዱን እንዴት አለፈው? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሙሽራዋ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ጉሩ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ናፍቆትም ከተሰማኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ አንቺን ደግሞ አልዋሽም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ወንድማችን ሃዙራ በጾሙ ጊዜ ተደብቆ ሲቀምስ ነበር ብሎ ጋዜጣው እንደጻፈ፣ ባለቤትሽም ያ ቀጣፊ የልጄን ሠርግ አይረግጥም ብሎ እንደማለ ነግረሽኛል። አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ እውነቱን ጻፊልኝ ብለሻል። እሺ፣ እጽፍልሻለሁ።

የጾመው ሃያ ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን በጸሎት ቤቱ ግቢ በሕዝቡ ፊት እጁን አጣምሮ ቆመና፣ የፑንጃቢ ተናጋሪው ክልል ካልተሰጠን እህል በአፌ አይዞርም፣ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው ብሎ በጸሎት ማለ። ሴቶቹ አለቀሱ። ጎረቤቴ ባሳንት ጎነጥ አደረገችኝና፣ አንቺ ደግሞ ድንጋይ ነሽ እንዴ፣ ወንድምሽ እኮ ሊሞት ነው አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ይህ ሰው ሕዝብ ካላየው ውሃ እንኳ አይጠማውም። አስተማሪ ሳለ ተማሪዎቹ ካላጨበጨቡለት ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍ ይውል ነበር። ደፋር ግን ነበር፣ ይህን አልነፍገውም። እንግሊዞቹ የተቃውሞ ጥቁር ጥምጣም ለምን ጠመጠምክ ብለው ሦስት ዓመት አስረውት ሁለት ጥርሱን አጥቶ ሲመለስ፣ አበባ ይዘን ባቡር ጣቢያ የወጣነው አንቺና እኔ ነን። ያኔ እወደው ነበር። ኋላ ምክር ቤት ገባ፣ ስሙም ገነነ፣ በየመንደሩ ሰው ሃዙራ ምን አለ ሳይል እግሩን የማያነሳ ሆነ።

መዘዙም ከዚያ መጣ። አገሩ በሃይማኖት ለሁለት ሊከፈል፣ መንደራችንም ከወዲያኛው ወገን ሊቀር ሲል እኛ መንደር መጥቶ በጸሎት ቤታችን በጉርድዋራው ደጃፍ ማንም ከመሬቱ እንዳይነቃነቅ፣ የሚሸሽ የሲክ ልጅ አይደለም አለ። ባሌ ኬሃር ጋሪውን ጭኖ ጨርሶ ነበር። የሚስቴ ወንድም እንዲህ ካለማ በምን ዓይኔ እወጣለሁ ብሎ ዕቃውን አወረደው። በሳምንቱ ሃዙራ ራሱ ድንበሩን ተሻግሮ አምሪትሳር ነበር። እኛ እዚያው ነበርን።

ገዳዮቹ ሲመጡ ወንዶቹ ጉርድዋራው ጣሪያ ላይ ወጡ፤ እኛን ሴቶቹን ሸንኮራ አገዳው ውስጥ ደበቁን። ልጆቼም ወንዶች ናችሁ ተብለው ከአባታቸው ጋር ወጡ። ሳንቶክ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ኒርማል አሥር። ከጣሪያው በሕይወት የወረደ የለም። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሃዙራ መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር፣ እህቴ ሁለት ሰማዕታት ወልዳለች ይላል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ እኔን ይጠሩኝና ሻርፕ ያለብሱኛል። ቤት ስንገባ ግን ስለ ልጆቹ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

በጾሙ ጊዜ ውሃ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። የተፈቀደው ጨውና ሎሚ ብቻ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ስኳር ጨመርኩበት፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ኋላ ጠቀም አድርጌ። ስንጠመቅ የምንጠጣው ውሃስ ስኳር የተበጠበጠበት አይደል፣ ምን ኃጢአት አለው አልኩ ለራሴ። እንዲያው ለማለት ያህል ነው እንጂ ሰበብ አላስፈለገኝም። ውጭ ሕዝቡ ፎቶግራፉን ተሸክሞ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ሰማዕቱ ሃዙራ እያለ ይዘምር ነበር። ሐውልቱ የት እንደሚቆም የሚከራከሩም ነበሩ። ባሳንት መጥታ፣ አይዞሽ ትንሽ ነው የቀረው፣ እንዴት ያለ ክብር ነው አለችኝ። ጓዳ ገብቼ ሌላ ማንኪያ ጨመርኩ።

ወንድሟ አሳዝኗት ነው ትይ ይሆናል። ለባለቤትሽ እንደዚያ ብለሽ ንገሪው።

ሐኪሙ ሲመዝነው የከሳው ከሚጠበቀው በታች ሆነ፤ ወሬው ከዚያ ወጣ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ከመንግሥት ተስፋ የሚመስል ወረቀት ሲመጣለት የብርቱካን ጭማቂ ጠጣ። ክልሉ አልተሰጠም። በእግሩ ሲወጣ ያጨበጨበለት አልነበረም።

ከዚያ አምስቱ የእምነት ሽማግሌዎች አስጠርተው በጉባኤው ፊት አቆሙት። መሐላህን አፍርሰሃል ሲሉት አዎ አለ። ከጨውና ከሎሚ ውሃ ሌላ ቀምሰሃል ወይ አሉት። እኔ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ነበር። ወደ እኛ ዞር ሳይል፣ ቀምሻለሁ አለ። ማን ሰጠህ ሲሉት፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም አለ። አምስት ቀን ሙሉ የምእመናኑን ጫማ እንዲጠርግ ፈረዱበት። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ለቅሶም አልመጣልኝ፣ እፎይታም አልመጣልኝ።

ትናንት ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሄድኩና እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፌ ጫማዬን አቀበልኩት። ጢሙን አቧራ ለብሶታል። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ፣ አባባ፣ ሲርብህ ጫማዬን እንዳትበላብኝ አደራ ብሎ ሳቀ። ዝም በል አንተ ባለጌ ያለውም ሰው ነበር። ሃዙራ አንገቱን ሳያነሳ፣ ከመጀመሪያዋ ብርጭቆ ጀምሮ አውቄ ነበር አለኝ። ታዲያ ለምን ጠጣህ አልኩት። ፈራኋ አለ።

አንዱን ጫማ ጨርሶ ሌላውን አነሳ። ከዚያ፣ ልጆቹስ ፈርተው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ፈርተው ነበር አልኩት። ኒርማል እማዬ እያለ ሲጣራ አገዳው ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ሳንቶክም ዝም እንዲል ሲለምነው ሰምቻለሁ፣ አልወጣሁም አልኩት። ይህን ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም፣ እትዬ። ሃዙራ ጫማዬን እንደያዘ ቀረ። ከኋላ ያሉት ቶሎ በል እንጂ ሰውዬ ይሉት ነበር።

ነገ ጠዋት አምስቱ ዘንድ ሄጄ የስኳሩን ነገር እነግራቸዋለሁ፤ የሚፈርዱብኝን እሠራለሁ። ሃዙራን ለሠርጉ ከጠራችሁት አብሬው እመጣለሁ። ካልጠራችሁት እኔንም አትጠብቁኝ።

ጉሩ ለሙሽራዋ ጥሩ ትዳር ይስጣት። ወልዳ ትሳም፣ የወለደቻቸውንም ሸምግለው ለማየት ያብቃት። አንቺንም ከነቤትሽ ይጠብቅሽ።

ታናሽ እህትሽ፣
የሳንቶክና የኒርማል እናት